ሁለት ትይዩ በሮች

ፓይን ፎርክ፣ አላባማ
ኦገስት 21 ቀን 1989

ለወንድሜ ለአልሲድ ጊድሪ፦

አንተም ባለቤትህ ክሎቲልድም ሰላም ክረሙልኝ። ስለ ጤናዬ ለጠየቅኸኝ፣ ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም። ጉልበቴም ሆሊስ ከመሞቱ በፊት የጀመረኝ ስለሆነ በሐዘን አላመካኘውም። ለቀብሩ ባለመምጣታችሁ ይቅርታ መጠየቅህን ግን አቁም። ሦስት ጊዜ ደወልክልኝ፣ በሦስቱም ይቅርታ ጠየቅኸኝ። አበባችሁ ደርሶናል። አረንጓዴ ጥብጣብ ታስሮበት ሲመጣ የሆሊስ ወንድም፣ «የእነሱን ቡድን የሽመላዎችን ቀለም በእኛ በቀበሮዎች ደጋፊ ሬሳ ሣጥን ላይ ማን ደፍሮ ነው ያኖረው?» ብሎ ሊፈታው ተነሳ። «ተወው፤ ይህን አይቶ ካልተነሳ በእርግጥ ሞቷል ማለት ነው» አልኩት። በዚያ ሳምንት በቤታችን የተሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

«በቅሎዋን ምን ልታደርጊያት ነው?» ላልከኝ፣ እስካሁን አላውቅም። ጓሮ ቆማለች። ስሟ በቅሎ ቢሆንም ሠላሳ ጫማ የምትረዝም ቤት መኪና ጓሮ ስትቆም መኪናም አትመስል፣ ቤትም አትመስል። ድዋይት ከአትላንታ እየደወለ፣ «እማዬ፣ ሽጪያት እንጂ! አንቺ የማትነጂውን መኪና አይጥ እንዲወልድበት ነው የምታስቀምጪው?» ይለኛል። ልጄ አልተሳሳተም። የኮሌጃችን የእግር ኳስ ቡድን በተጫወተበት ሁሉ፣ ከጆርጂያ እስከ ቴክሳስ፣ ሆሊስ ነዳ። እኔ ካርታ አነበብኩ፣ ሳንድዊች አቀበልኩ፣ «ቀስ በል» አልኩ። መሪዋን ነክቼ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሽማግሌው ቡፎርድ በራሳቸው እግር መጡ። ከስታዲየሙ ማዶ ያለው የላም መስክ የእሳቸው ስለሆነ፣ በቅዳሜ ጨዋታ ዋዜማ፣ ዓርብ ዓርብ፣ የማን ቤት መኪና የት እንደሚቆም የሚወስኑት እሳቸው መሆናቸውን አንተም ታውቃለህ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በረንዳ ላይ ተቀመጡ።

«እሜቴ ኦፓል፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው። መስኩ ግን ሕግ አለው» አሉ።

«ሕጉን አውቃለሁ» አልኳቸው።

«ብታውቂውም ልድገመው። ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ሲደርስበት ነው የሚረሳው። ቦታ የሚጸናው ባለቦታው ራሱ መሪ ይዞ ሲገባ ነው። ልጅ ቢነዳለት፣ ሾፌር ቢቀጥር አይቆጠርም። የእኛ ሰው በሜዳችን ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ከቀረ ቦታው ለተረኛ ይሄዳል። የእንግዳ ቡድን ደጋፊ ደግሞ የሚመጣው በሁለት ዓመት አንዴ ነውና፣ አንዴ ከቀረ ቀረ።»

«የሟች ሚስትስ?»

«የሟች ሚስት ባለቦታ ናት። መሪ ትያዝ።»

አልሲድ፣ ከፒካኑ ዛፍ ሥር ያለው ያ ቦታ የእኛ፣ ከጎኑ ያለው የእናንተ ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ሰዎች «ቤቱ ባዶ ሆነብሽ?» ይሉኛል። ቤቱንስ ለመድኩት። ባዶ የሆነብኝ ዓርብ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሠራ አላውቅም።

በሜዳችን የመጀመሪያው ጨዋታ ሴፕቴምበር 9 ነው፤ ለእሱ አልደርስም። ሁለተኛው ሴፕቴምበር 30 ነው። በዋዜማው ዓርብ በቅሎዋን እኔ ካላስገባኋት ቦታችን ይሄዳል። ስለዚህ አስተምረኝ። ድዋይት አያስተምረኝም፣ የእኛ ጎረቤቶች ደግሞ ከማስተማር ይልቅ መሳቅ ይቀናቸዋል። በስልክም አትንገረኝ፤ በስልክ የሰማሁት አይቆይልኝም። የጻፍክልኝን ግን ከመሪው ፊት ለጥፌ አነባለሁ።

ከእኛ ጋር ካልሆነ በቀር ሁሌም አሸንፉ።

ኦፓል ሪቭስ


ባዩ ሎረን፣ ሉዊዚያና
ኦገስት 29 ቀን 1989

ለእህቴ ለኦፓል፦

ጽሕፈቱ የክሎቲልድ መሆኑን አይተሽ እንዳትደነግጪ። የሸርጣን ወጥመድ ስጎትት የእጄ አንጓ ወለም ብሎኝ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። (ትጽፋለች ብቻ አይደለም፣ ታርማለችም። ክሎቲልድ ነኝ።)

ከደብዳቤሽ በኋላ በላክሽው ካርድ ላይ የጠየቅሽኝን አስቀድሜ ልመልስ። አዎ፣ በስድሳ ስድስት ዓመት ይቻላል። አይ፣ ጉልበትሽ አያግድሽም፤ በቅሎዋ ክላች የላትም። አይ፣ አልሳቅሁም። (ስቋል። ግን በደስታ ነው፤ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ።)

እንግዲህ ስሚኝ። መጀመሪያ ሳትነጂያት ተቀመጪባት። ከሆሊስ መቀመጫ ላይ ሆነሽ ቡናሽን ጠጪ፣ ጋዜጣሽን አንብቢ። የማትፈሪው ወንበር እስኪሆን ድረስ ሞተር አታስነሺ። ከዚያ ስፖኪዮዎቹን ለራስሽ ቁመት አስተካክዪ። የሆሊስ ቁመት ላይ ከተውሻቸው የምታዪው ሰማይ ነው።

ሁለተኛ፣ ጭራዋን አትርሺ። ከኋላ ጎማዋ ወዲያ የተረፈ ብዙ አካል አላት። ፊቷ ወደ ቀኝ ሲዞር ጭራዋ ወደ ግራ ትወጣለች። ሰው የሚያየው ፊቱን ነው፤ አጥር የሚያፈርሰው ግን ጭራው ነው። (የእሱን ወንድሞች ማለቱ ነው።)

ሦስተኛ፣ ወደ ኋላ ስትሄጂ ብቻሽን አትሂጂ። ከኋላ በግራሽ በኩል አንድ ሰው ይቁም። ያ ሰው በስፖኪዮሽ ውስጥ እስካለ ድረስ ሂጂ። ከስፖኪዮሽ የጠፋ ዕለት ቁሚ። «እዚያው ነው፣ ትንሽ ልጨምር» አትበዪ፤ ቁሚ። ከተጠራጠርሽ ወርደሽ እዪ። መውረድ ያፈረ ሰው የጎረቤቱን ግድግዳ ይዞ ቤቱ ይገባል።

መስኩ ላይ ስትገቢ ወደ ኋላ ነው የምትገቢው። ጭራዋ ወደ ዛፉ፣ አፍንጫዋ ወደ መንገዱ። በቤተ ክርስቲያናችሁ ግቢ ሁለት ባልዲ አቁሚና በመካከላቸው አስገቢያት። ባልዲዎቹን ሳትነኪ ስትወጪ ጻፊልኝ።

በዚህ ዕድሜ መሪ የሚጠይቅ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። ሆሊስ ዕድለኛ ሰው እንደነበረ አውቅ ነበር፤ ምን ያህል እንደነበር ግን ገና አሁን እየገባኝ ነው።

አልሲድ
(እና ጸሐፊዋ)


ፓይን ፎርክ
ሴፕቴምበር 11 ቀን 1989

ወንድሜ አልሲድ፦

የእጅህ አንጓ እንዴት ሆነ? በዚህ ዕድሜ ወለምታ ቶሎ አይለቅም፤ በሞቀ ጨው ውሃ ዘፍዝፈው።

ወሬው እዚያ ድረስ መድረሱ ገርሞኛል። አዎ፣ የገጨሁት መንገድ ዳር የተተከለ የፖስታ ሳጥን ነው። አዎ፣ የሰባኪው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወደ ቀኝ ስወጣ ፊቴን ብቻ አየሁ፤ ያልካት ጭራ ደግሞ የራሷን ጉዳይ ጨረሰች። ሰባኪው በካልሲ ወጡ።

«እሜቴ ኦፓል፣ ደህና ነሽ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ሳጥንዎ ነው ያረፈው።»

«የመብራት ሒሳብ ብቻ ነበር የሚመጣበት። በደህና ይረፍ» አሉና አብረን ጸለይንለት። አዲስ ሳጥን እኔው ራሴ ተከልኩ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወዲህ ግን በየማለዳው ገብቼባታለሁ። እንዳልከኝ መጀመሪያ ዝም ብዬ ተቀመጥኩባት። ሦስት ቀን ቡናዬን እዚያ ጠጣሁ። በሦስተኛው ቀን ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ የሆሊስ መነጽር ወደቀብኝና ያን ቀን ሞተር ሳላስነሳ ወረድኩ። በማግስቱ አስነሳሁ። ባልዲዎቹን መጀመሪያ ሁለቱንም ጨፈለቅኩ፣ ከዚያ አንዱን፣ ትናንት አንዱንም አልነካሁም። ከኋላ የምትቆምልኝ የመዘምራኑ መሪ ናት፤ ድምጿ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው።

ታስታውሳለህ፣ መስኩ ላይ «ሆሊስ ወደ ኋላ ማስገባት አይችልም» እያሉ ሲያበሽቁት? ሁሉም በጭራው ሲገባ እሱ ብቻ እንደ በሬ በአፍንጫው ይገባ ነበር። አሁን ባሌ ያልቻለውን እኔ ልችል ነው። ቢሰማ አንድ ሳምንት ያኮርፈኝ ነበር።

ቅዳሜ የመጀመሪያው ጨዋታ ነበር። በትንሿ መኪናዬ ሄድኩና ከመስኩ አጥር ውጭ ቆምኩ። ከፒካኑ ሥር ያለው ቦታ ባዶውን ነው። ስማችን ያለበት ችንካር ቆሟል። ከበርሚንግሃም የመጡ ባልና ሚስት በሜትር ይለኩት ነበር። ሚስትየው፣ «ጥላው ግሩም ነው፣ ከመኪናችን ጎን ለምንዘረጋው ሸራም ይበቃል» ስትል ሰማኋት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ተራዋን የምትጠብቅ ሴት ናት። እኔም ያኔ እንደሷ ነበርኩ። ግን ጥላዬን ስትለካው ማየት አልቻልኩም፣ ጨዋታውን ሳላይ ተመለስኩ።

አሁን ጥያቄ፦ ቡድናችሁ ከእኛ ጋር ለሚገጥምበት ለኖቬምበሩ ጨዋታ ቤት መኪናችሁን ፔሊካኗን ይዛችሁ ዓርብ ነው የምትመጡት ሐሙስ? የበቆሎ ዳቦውን ቁጥር ማወቅ አለብኝ። ስትጽፍልኝ ስለ ፔሊካኗ አንድም ቃል አለማንሳትህን አይቻለሁ። የምትኮራባትን መኪና እንዲህ ዝም ማለትህ ሞተሯን አውልቀህ ነው መሰለኝ።

ኦፓል


ባዩ ሎረን
ሴፕቴምበር 19 ቀን 1989

እህቴ ኦፓል፦

እያንዳንዱ ሾፌር አንድ የፖስታ ሳጥን ይበላል። ያንቺ በጊዜ መውጣቱ ጥሩ ነው። ሁለተኛውን ግን አያድርስ።

ባልዲዎቹን ካለፍሽ አልፈሻል። የቀረሽ ሰው ፊት ማድረግ ነው። ዓርብ ሁለት መቶ ሰው ወንበሩን ዘርግቶ የሚያየው የሚገባውን ነው፤ ከጨዋታው በፊት ሌላ ጨዋታ የለምና። ይጮኹብሻል፣ ምክር ይወረውሩብሻል። አንዱንም አትስሚ። የምትሰሚው በስፖኪዮሽ ያለውን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ስለ ፔሊካኗ ጠይቀሻል። ደህና ቦታ ነው ያለችው። ስለ ኖቬምበር ገና ነው፤ መጀመሪያ ሴፕቴምበር 30ን እናሸንፍ።

አንጓዬ እየተሻለው ነው። ለምክርሽ አመሰግናለሁ።

አልሲድ

(ዛሬ የምጨምረው የለኝም። ክሎቲልድ)


ፓይን ፎርክ
ኦክቶበር 2 ቀን 1989

አልሲድ፦

ገባሁ።

«ተጨበጨበልሽ ወይስ ተሳቀብሽ?» ለምትለው፣ ሁለቱም። በኋላ በላክኸው ካርድ በቴሌግራም እንድነግርህ ለምነኸኝ ነበር፤ ግን ይህ በቴሌግራም የሚሆን አይደለም።

ድዋይት ሐሙስ ማታ ከአትላንታ መጣ። ቦርሳው ውስጥ በቅሎዋን የሚገዛ ሰው ስም በወረቀት ይዞ ነበር። ዓርብ ከቤት ስንወጣ ከጎኔ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። ድልድዩን ስናልፍ አንድ ዓይኑን ከፈተ። መስኩ በር ላይ ስንደርስ፣ «እማዬ፣ ከኋላ ልቁምልሽ?» አለኝ። «በግራ በኩል፣ ከስፖኪዮዬ እንዳትጠፋ» አልኩት።

እንዳልከው ሁሉም ወንበሩን ዘርግቶ ይጠብቃል። «መሪውን ስበሪው!» ይላል አንዱ። «ቀጥ አድርጊው!» ይላል ሌላው። «ሆሊስ ያልቻለውን እሷ ልትችል?» አለ አንድ የማላውቀው ሰው፣ ሚስቱ በክርኗ ወጋችው። አንዴ ድዋይት ከስፖኪዮዬ ጠፋ። ቆምኩ። ወርጄ ሳይ ባርኔጣው ወድቆ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ነው። «ባርኔጣህን ወይስ እናትህን?» አልኩት፤ መስኩ ሁሉ ሳቀ፣ ከዚያ ወዲያ የጮኸብኝ የለም። ተመልሼ ወጣሁና አስገባኋት፤ ጭራዋ ከዛፉ ሥር፣ አፍንጫዋ ወደ መንገዱ፣ ልክ እንደ ባልዲዎቹ።

ቡፎርድ ችንካሩን በመዶሻቸው ሁለት ጊዜ መቱት፤ ቦታችን ጸና። ያች የበርሚንግሃሟ ሴት መጥታ እጄን ጨበጠችኝ። «እኔ ብሆን አልችልም ነበር» አለችኝ። «ባልዲ አለሽ?» አልኳት።

ድዋይት የገዢውን ስም ወረቀት የጥብሱን እሳት ማያያዣ አደረገው። ስለ መሸጥ ከዚያ ወዲህ አላነሳም።

አሁን የምጠይቅህን በቀጥታ መልስልኝ።

ወንበሬን ይዤ በሩን ስከፍት ፊቴ የተደቀነው በወዲያኛው ጎን ያለው ጎረቤት የቆሻሻ ውሃ ቱቦ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እናንተ በመጣችሁ ቁጥር በዚያ ቦታ ስወርድ የምረግጠው በእኛ ሸራና በእናንተ ሸራ መካከል ያለውን ሣር ነበር። በራችን ከበራችሁ ትይዩ ነበር። ክሎቲልድ ከምድጃዋ ሳትነሳ ጨው ትጠይቀኝ ነበር። ዞሬ ሄድኩና አየሁት፤ የእናንተ ቦታ ያለው በግድግዳዬ ወዲያ ነው፣ በር በሌለበት በኩል።

ያኔ ገባኝ። የቤት መኪና በር ያለው በቀኝ ብቻ ነው። ሁሉም በጭራው ከገባ ሁሉም የሚያየው የጎረቤቱን ጀርባ ነው። ሁለት በር የሚገናኘው አንዱ በጭራው፣ አንዱ በአፍንጫው ሲገባ ብቻ ነው። ባሌ ወደ ኋላ ማስገባት የማይችል ሰው አልነበረም። ይህን አንተ ከማንም በላይ ታውቃለህ።

ታዲያ ወደ ኋላ ግቢ ብለህ ለምን አስተማርከኝ? ጎረቤት እንደሌላት ሴት አቋቋም ለምን አስተማርከኝ? አልሲድ፣ ፔሊካኗ የት ናት?

ኦፓል


ባዩ ሎረን
ኦክቶበር 10 ቀን 1989

እህቴ ኦፓል፦

ክሎቲልድ፣ «መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ በል፣ ከዚያ የራስህን ትናገራለህ» ትለኛለች። እንኳን ደስ አለሽ። ስለ ባርኔጣው ያለውን ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። እንደዚያ ያለ ዓርብ ሳላይ መቅረቴ ያንገበግበኛል።

ፔሊካኗ ቴክሳስ ናት። በጁላይ ነው የሸጥኳት። ደግ ባልና ሚስት ናቸው የገዟት። ደህና ቦታ ናት ያልኩሽ ውሸት አልነበረም፤ ግማሹን ነው የነገርኩሽ።

አንጓዬ ምንም አልሆነ። ዓይኔ ነው። ከጃንዋሪ ጀምሮ መሃሉ ጠፍቶብኛል፣ የማየው ዳር ዳሩን ነው። የክሎቲልድን ፊት ልይ ስል ፊቷ ጭጋግ ይሆናል፤ ጆሮዋን ካየሁ ግን ፊቷ ይመጣል። (ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚያፈቅረው ጆሮዬን ነው።) ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል። መንጃ ፈቃዴን ራሴ ወስጄ አስረከብኩ። ለቀብሩ ያልመጣሁትም ለዚህ ነው፤ ሆሊስን ለመቅበር በአውቶቡስ መጥቼ ሰው እጄን ይዞ እንዲመራኝ አልፈለግሁም። ያን ዕለት ሰው የሚያየው እሱን እንጂ እኔን መሆን አልነበረበትም።

ለምን ደበቅሁሽ? መሪ ልትይዢ ነው። «አልመጣም» ብልሽ «ታዲያ ለማን ብዬ?» ብለሽ ትተዪዋለሽ ብዬ ፈራሁ። ወደ ኋላ ያስተማርኩሽም የኔን ቦታ ማን እንደሚወስደው ስለማላውቅ ነው። በርሽን ለማታውቂው ሰው በር ትይዩ ከማደርግ፣ እንደ ሰው ሁሉ ብትቆሚ ይሻላል አልኩ። ቱቦውን አላሰብኩትም።

ስለ ሆሊስ ግን እውነቱን ማወቅ ይገባሻል። የመጀመሪያውን ዓመት አንቺ አልነበርሽም፤ ድዋይትን አርግዘሽ ቤት ቀርተሻል። እኔና ሆሊስ ያን ዓርብ ስንሰዳደብ ነው የዋልነው። እሱ እንደ ሰው ሁሉ በጭራው ገብቶ ነበር፣ ያውም በአንድ ጊዜ፣ እንደ ቢላ ወደ ሰገባ። ማታ ዝናብ መጣ። የኛ ሸራ ተቀደደና ክሎቲልድ የጋምቦ ወጧን በድስቱ ይዛ ዝናብ ላይ ቀረች። ሆሊስ ሞተሩን አስነሳ፣ ወጣ፣ አዞረ፣ በአፍንጫው ገባና ሸራውን በእኛ ላይ ዘረጋው። «ለዛሬ ብቻ ነው፣ አንተ የረግረግ ወፍ» አለኝ። (ጋምቦዬን ሦስት ሳህን በላ።) ከዚያ ወዲህ «ወደ ኋላ አይችልም» ሲሉት አንድም ቀን መልስ አልሰጠም። ልናገርለት ስል፣ «ተዋቸው፣ የሚስቁበት ነገር ይኑራቸው» ይለኝ ነበር።

የእንግዳውን ሕግ ታውቂዋለሽ። ዘንድሮ መሪ ይዤ ካልገባሁ ቦታዬ ይሄዳል። ይሂድ። ያች የበርሚንግሃም ሴት ትውሰደው። ደግ ሰው ትመስላለች።

አልሲድ

(ይሂድ ያለው በአፉ ነው። ትናንት ችንካሩ ምን ቀለም እንደነበር ሲጠይቀኝ ዋለ። ክሎቲልድ)


ፓይን ፎርክ
ኦክቶበር 17 ቀን 1989

አልሲድ፦

አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ነበር፣ በረደልኝ። ስለ ሆሊስ የነገርከኝን ደብዳቤ ከመሪው ፊት ካሉት ጋር ለጥፌዋለሁ።

«ለማን ብዬ እነዳለሁ?» እላለሁ ብለህ ፈርተሃል። አሁን ለማን ብዬ እንደምነዳ ልንገርህ። ኖቬምበር 16፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በቅሎዋ ከበራችሁ ላይ ናት። መንገዱን አንብቤዋለሁ፤ ካርታ የማነበው ሃያ ስድስት ዓመት ነውና አታስተምረኝ። የፊት ወንበሩ ያንተ ነው፣ ክሎቲልድ አልጋው ላይ ትጋደማለች። አረንጓዴ ልብስህን ልበስ። ባንዲራህን ግን በጣራዬ ላይ አላወጣም፤ ካሸነፋችሁ ያን ጊዜ እናያለን።

ቦታህን በተመለከተ ከቡፎርድ ጋር ተነጋግሬያለሁ። አጥር ሲጠግኑ ነው ያገኘኋቸው።

«ሕጉ ባለቦታው መሪ ይዞ ይግባ ነው የሚለው?» አልኳቸው።

«ነው።»

«የማንን መኪና እንደሆነ ይላል?»

መዶሻቸውን አስቀመጡ። «አይልም።»

«መንጃ ፈቃድ ይላል?»

«ሣር ላይ ነው፣ እሜቴ ኦፓል። ላሞቼም ያለ መንጃ ፈቃድ ነው የሚገቡት።» ቆይተው ደግሞ፣ «ምን ልታደርጊ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ዛፉን አየት አድርገው፣ «ሰውን ሁሉ ከዛፉ ወዲያ አርቃለሁ። ከበሩ እስከ ቦታው በሰው እርምጃ ይሂድ» አሉ።

ስለ እኔ ቦታ አትጨነቅ። በሴፕቴምበር ገብቻለሁ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታም እገባለሁ። በኖቬምበሩ ብቀር አንዴ ነው፤ ሕጉ ሁለት ጊዜ ነው የሚለው። ያንተ ግን አንዴ ነው። ስለዚህ በቅሎዋ በዚያ ዓርብ የአንተ ናት። እስከ መስኩ በር እኔ እነዳለሁ። ከበሩ ወደ ውስጥ አንተ ነህ።

ወደ ኋላ ነው የምትገባው፤ ያንተ ቦታ ሁሌም እንደዚያ ነው። እኔ ከኋላ በግራ በኩል እቆማለሁ። የማየው ዳር ዳሩን ነው ብለኸኛል። ስፖኪዮ የት ነው ያለው፣ አልሲድ? ዳር ነው። መሪውን እያየህ በዳሩ እኔን ታያለህ። ቀይ የሆነ ሁሉ እለብሳለሁ። ከስፖኪዮህ ከጠፋሁ ቁም። «እዚያው ናት፣ ትንሽ ልጨምር» አትበል።

ይህን ያስተማረኝ ሰው አለ።

ኦፓል


ባዩ ሎረን
ኖቬምበር 24 ቀን 1989

እህቴ ኦፓል፦

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደሎቹ የሕፃን መዳፍ ያህላሉ፣ መስመሩም ወደ ወንዙ ይወርዳል። ገጹን እያየሁ አይደለም የምጽፈው፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ እያየሁ ነው። ታገሺኝ።

በደህና መግባትሽን ድዋይት ደውሎ ነገረን። በየቤንዚን ማደያው ምን እንዳሉሽም ነገረን። የተሸነፈ የአሸናፊውን ባንዲራ እስከ ቤቱ ያውለበልባል የሚለውን ልማድ ያወጣነው እኔና ሆሊስ ነን፤ ያኔ ግን የቤታችንን ርቀት አላሰብንም። ዘንድሮ ስላሸነፍናችሁ አንቺ እኛን ሉዊዚያና አድርሰሽ፣ እንደገና ብቻሽን እስከ አላባማ አረንጓዴ አውለብልበሽ መግባትሽን ስሰማ ክሎቲልድን «ሆሊስ እንኳ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ያወርደው ነበር» አልኳት።

«ከበሩ ስትገባ ምን ተሰማህ?» ብለሽ ነበር፣ እሑድ ገንፎውን ስታማስይ። አፌ ሞልቶ ነበርና አልመለስኩልሽም። አሁን ልመልስ።

ፀጥታው ነው የተሰማኝ። ሁለት መቶ ሰው አንድም ምክር ሳይወረውር ሲቀር በዚያ መስክ ሰምቼ አላውቅም። ቀበሮዎቹ ሁሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር አለችኝ ክሎቲልድ፤ እኔ አላየሁም። እኔ ያየሁት በግራ ዳር አንድ ቀይ ነገር ነው። መሪውን ሳይ ቀዩ ይመጣል፣ ቀዩን ልይ ስል ይጠፋል። ስለዚህ መሪውን አየሁ። ሃምሳ ዓመት ስነዳ እንደዚያ ሰው አምኜ አላውቅም። አንዴ ጠፋሽብኝ፣ ቆምኩ። «ጉልበቴ ነው፣ ቀጥል!» ስትዪ ሰማሁሽ። ቀጠልኩ።

መዶሻውን ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ቡፎርድ በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ «ጊድሪ፣ ትንሽ ጠመም ብላለች» አሉኝ። «የኔም ዓይን ነዋ» አልኳቸው። «ለሁለት ዓመት ይበቃል» አሉ።

ከዚያ በሩን ከፈትሽ፤ ከፊታችን ያንቺ ባዶ ቦታ ነበር፣ ከፒካኑ ሥር። ሸራውን በላዩ ዘረጋሽ። ወንበሮቻችንን እዚያ አስቀመጥሽ፣ አራተኛውንም። ማንም ስለ አራተኛው ወንበር አልጠየቀም። እኔ ቀጥ ብዬ ዛፉን ሳይ ወንበሩ በዳር በኩል ነበር፤ በዳር የማየው ነገር ሁሉ ደግሞ ሰው ያለበት ይመስለኛል።

ባንዲራችንን አሁን አውርጂው። የሚቀጥለው ዓመት ጨዋታ በእኛ ሜዳ ነው፤ እንግዳዋ አንቺ ነሽ። ከጎንሽ ማን እንደሚቆም እያሰብሽ እንዳትጨነቂ። ክሎቲልድ የወንድሟን ልጅ ቤት መኪና ተውሳለች። ከኋላ የምቆምላት እኔ ነኝ፤ አረንጓዴ እለብሳለሁ። ስለዚህ በአፍንጫሽ ግቢ።

አልሲድ

(ኦፓል፣ ከሰኞ ጀምሮ ቡናዬን መሪው ጋ ነው የምጠጣው። ዛሬ ጠዋት አስነሳኋት። የሰፈራችን ዓሣ ነጋዴ የፖስታ ሳጥን አልፏል፤ ጸሎት አድርጊለት። አንድ ብቻ ነው። ክሎቲልድ)